ኦቦ ጉርሜሳ የሰልባትዮአቸውን ልክ ለማወቅ ወደ ሳነቴ የዘመቱት ዘመቻ

የግንባሩ መንግሥት በቆመ በሃያ አራተኛው ዓመት፣ ባጃጅ በሮቤ ጎዳናዎች ላይ በነገሠ በሰባተኛው፣ ጸጥተኛይቱ መኪና ከአዲስ አበባ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ውርጩ የሲናናን የገብስ ገለባ ነጭ ባለበሰበት ሰሞን፣ ሚዛን የማያዛባው፣ ተከራክሮ የማይረታው፣ ስንዴ ነጋዴው ኦቦ ጉርሜሳ ለታ በገዛ መኪናቸው ሰልባትዮ ላይ ዘመቱ። ዜናው እንዲህ ነው።

መኪናይቱ ሀይብሪድ ትባላለች። ግማሽ ጉልበቷ ቤንዚን፣ ግማሹ ባትሪ ነው። በሰው አገር ብዙ ዓመት ተነድታ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት። ድምፅ ስለሌላት የሮቤ ጋሪ ፈረሶች ሦስት ጊዜ ደንብረውባታል። ከመሪዋ ፊት ነዳጅ የሚናገር ባለ ዐሥር መስመር ሰሌዳ አለ። ቤንዚን ባነሰ ቁጥር መስመሮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የመጨረሻይቱ ብቻዋን ስትቀር ብልጭ ድርግም ትላለች። አብሯት የመጣው መጽሐፍ ሰልባትዮዋ አርባ አምስት ሊትር ነዳጅ ይይዛል ይላል። ኦቦ ጉርሜሳ ይህን አስተርጉመው ሰምተዋል። አላመኑም። እሳቸው ያመኑት የጎባን ማደያ ነው።

የባሌ ባለመኪና ሕግ አንድ ነውና፤ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ የሚሻገር ሰው በጎባ ይሞላል፤ ሳይሞላ የሚወጣ እብድ ነው። ኦቦ ጉርሜሳም ተራ ሳይበዛ ብለው፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ትንፋሽ እንደ ጭስ በሚታይበት ብርድ ያስሞሉ ነበር። መስመሪቱ ብልጭ ማለት ስትጀምር ማደያ ደርሰው ባስሞሉ ቁጥር መኪናይቱ ሠላሳ ሊትር ጠጥታ የቀረውን ትተፋለች። ሦስት ጊዜ አስሞሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ። ስለዚህ የመኪናዬ ሆድ ሠላሳ ነው ብለው በልባቸው አተሙ።

ወእምዝ ሾፌራቸው ወዚር ወደ ዶሎ መና ተልኮ ወረደ። እዚያ በቀትር፣ በቆላው ሙቀት፣ መስመሪቱ ብልጭ ስትልበት አስሞላ፤ ሠላሳ ስምንት ሊትር የሚል ደረሰኝም ይዞ ተመለሰ። ሠላሳ የሚይዝ ዕቃ ሠላሳ ስምንት አይጠጣም። ኦቦ ጉርሜሳ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አዩት፤ ከመጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጫኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ። ይህ ልጅ ስምንት ሊትር ቤንዚን በቱቦ መጥጦብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፌን አይነካም።»

ዐዋጁ ከመጋዘን ወደ ባጃጅ ተራ፣ ከባጃጅ ተራ ወደ መስጊዱ በር ሄደ፤ ቀትር ሳይሆን ከሀጂ ሙህዲን ጆሮ ገባ። ሀጂ ሙህዲን የዙህራ አባት ናቸው። ዙህራ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ ያለቀላት፣ በመጪው ሐሙስ ከወዚር ጋር ኒካሕ የሚታሰርላት ልጅ ናት። ሀጂም ዐወጁ፦

«ሐሙስ ኢንሻአላህ ሐሙስ ነው። ለቤንዚን ሌባ ግን ልጅ የለኝም። ነገሩ እስከ ረቡዕ ይጥራ፤ ካልጠራ ድንኳን አልተክልም።»

ወዚርም በባጃጅ ተራ መሃል ቆሞ የራሱን ዐወጀ፦ «ወላሂ አንዲት ጠብታ አፌ አልገባችም። ያላመነ መጥቶ ያሽትተኝ።» የባጃጅ ተራ ሰዎች ተሰልፈው አሸተቱት። ጫት ሸተታቸው፤ ቤንዚን አልሸተታቸውም። ይህ ግን እንደ ማስረጃ አልተቆጠረለትም።

የኦቦ ጉርሜሳ ባለቤት አዴ ጤቤ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ግን ቤቱ ጸጥ የሚልላቸው ሴት ናቸው። እራት ሳይቀርብ የሚከተለው ትእዛዝ ከእሳቸው ወጣ፦

«ስንዴ ስትገዛ ጆንያውን ዘርግፈህ፣ እፍኝ አንስተህ፣ ነክሰህ ነው የምትገዛው። የሰው ልጅ ላይ ሳትነክስ ፈረድህ። ሂድና ሰልባትዮህን ለካ። ተሳስተህ ከተገኘህ የይቅርታ እርጥብ ሣር ይዘህ ገበያ መሃል ትቆማለህ፤ እኔም መጥቼ አይሃለሁ።»

በመጀመሪያ የጎባው ጋሽ ተክለማርያም ተጠሩ። እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ የኤንትሬ ሰልባትዮ በዘንግ ይለካልና የወይራ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ዘንጉ አንድ ክንድ ያህል ገብቶ አልሄድም አለ። ቢያዞሩት አልሄድ አለ፤ ቢያባብሉትም እንደዚያው። ጋሽ ተክለማርያም ዘንጋቸውን ጠርገው ዐወጁ፦ «ጉሮሮዋ ጠማማ ነው። ጠማማ ጉሮሮ በዘንግ አይመረመርም። እስክትራብ መንዳት፣ ከዚያ ማብላት ነው።»

በዚህ ምክር ዘመቻው ታወጀ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መኪናይቱ በጎባ ማደያ በር ደረሰች፤ የመጨረሻይቱ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች፣ ሳትሞላ አለፈች። ቀጂው እጁን በራሱ ላይ ጫነ። የዘመቻው ሰልፍ ይህ ነበር፦ መሪውን ኦቦ ጉርሜሳ ራሳቸው ያዙ። በቀኛቸው ሀጂ ሙህዲን፣ ምስክር፣ ከነሙስባሃ መቁጠሪያቸው። በኋላ መቀመጫ ጋሽ ተክለማርያም ከነዘንጋቸው፤ መሃል ላይ ወዚር፣ ሁለት እጁ በጉልበቱ ላይ እንዲታይ የታዘዘ፤ በጥግ በኩል ይህን የሚጽፈው ሰው። ከኋላ ሃያ ሃያ ሊትር የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች፣ አፋቸው በሀጂ እጅ በክር የታሰረ። አራት ባጃጅ፣ አንድ ጋሪና ጌታቸው ያልታወቀ ሦስት ውሾች እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙ። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት የአምስት ሰው ብቻ ሆነ።

ጋሽ ተክለማርያም በመጀመሪያው ጥምዝ «እዚህ ትቆማለች» ብለው ዐወጁ። አልቆመችም። በሁለተኛው እንደገና ዐወጁ። አልቆመችም። ትንቢታቸውን እየጠቀለሉ ከጥምዝ ወደ ጥምዝ ሲያዛውሩት፣ መኪናይቱ እየተብለጨለጨች ዳገቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ወጣች። ኦቦ ጉርሜሳም በዚያ ሰዓት የመጀመሪያውን እውቀት አገኙ፤ እንዲህም ሲሉ ለትውልድ ተናገሩ፦ «ይህች ብልጭታ ለቅሶ አይደለችም፤ ልመና ናት።»

ሳነቴ ላይ ጅብራው በውርጭ ተሸፍኖ ቆሟል። ፍልፈሎች ከየጉድጓዳቸው ብቅ ብለው አዩን፤ ተመልሰውም ገቡ። እስክትቆም መጠበቅ ስላታከታቸው ሀጂ የጀሪካኑን ክር ፈቱ፤ ኦቦ ጉርሜሳ በገዛ እጃቸው ቀዱ። አንደኛው ጀሪካን ሙሉ ገባ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ መኪናይቱ በኦቦ ጉርሜሳ ጫማ ላይ ተፋች። ሠላሳ። ሀጂ ሙህዲን ሙስባሃቸውን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ፤ ወዚርን ዳግመኛ አላዩትም። ኦቦ ጉርሜሳ ጫማቸውን እያራገፉ «አላልሁም? ሠላሳ» ሲሉ ዐወጁ። ወዚርም እጁን ከጉልበቱ ሳያነሣ ይህን ብቻ ተናገረ፦

«ኦቦ፣ እኔ የሞላሁት ቆላ ነው። ቆላ ውሰዱኝና እዚያ ፍረዱብኝ።»

ሀጂ የተረፈውን ግማሽ ጀሪካን ደግመው አሰሩ። ቁልቁለቱም ጀመረ። ከሳነቴ አፋፍ ወደ ሐረና ጫካ ሲወረድ ሀይብሪድ ቤንዚን አትነካም፤ ሞተሯን አጥፍታ በፍሬኗ ባትሪዋን ትሞላለች። ሀጂ ሙህዲን ጆሮአቸውን ወደ ፊት አስጠግተው ሲያደምጡ ከጎማው በቀር የሰሙት አልነበረም። ብርዱ እየቀረ ሄደ። በጫካው መግቢያ ጋቢ ወለቀ፤ በጫካው መሃል ኮት፤ በጫካው መውጫ ሹራብ። ዶሎ መና ስንደርስ ጋሽ ተክለማርያም በካናቴራ ቀርተው ነበር።

በቀትር፣ ከአንድ ጋራዥ ጥላ ሥር፣ ክሩ ተፈታ። ወዚር ሃያ እርምጃ ርቆ እንዲቀመጥ ተደረገ። ኦቦ ጉርሜሳ ቀዱ። ጠጣች። ደግመው ቀዱ። ጠጣች። የተረፈውን ዐሥር ሊትር ጨርሳ አልተፋችም። ጋሽ ተክለማርያም ባዶውን ጀሪካን ገልብጠው ከሥሩ አዩት። በመንገድ ላይ ሁለት ሊትር በላች ቢባል እንኳ፣ ስምንቱን የት አኖረችው? ሰልባትዮው ጠዋት ሞልቶ ተፍቷል፤ ሾፌሩም በአራት ሰው መሃል እጁን ዘርግቶ መጥቷል።

ያን ጊዜ መካኒኩ ሮቤራ፣ ከአንድ አይሱዙ ሥር ተኝቶ፣ እግሩ ብቻ እየታየ ዐወጀ፦

«ሰልባትዮዋ ውስጥ የላስቲክ ከረጢት አለ። ሲበርዳት ትኮማተራለች፣ ሲሞቃት ትለጠጣለች። እናንተ ሰዎች፣ ደጋ ላይ ለክታችሁ ቆላ ላይ ሰው ትከሳላችሁ?»

ኦቦ ጉርሜሳ ባዶውን ጀሪካን በገዛ እጃቸው መኪናይቱ ላይ ጫኑ። ሀጂ ሙህዲን ሃያውን እርምጃ ሄደው ወዚርን ክንዱን ይዘው አስነሡት። በመልሱ መንገድ ሁሉ ዐዋጅ አልወጣም።

ረቡዕ በሮቤ ገበያ፣ በስንዴው ተራ መሃል፣ አዴ ጤቤ እያዩ፣ ኦቦ ጉርሜሳ ለታ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ፦

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ስምንት ሊትር የሰረቀ የለም። የሰው ስም የሰረቅሁ እኔ ነኝ። ይኸው መለስሁ።»

ቁልፉንም በሣሩ ላይ አድርገው ዘረጉለት። ወዚር ሣሩን ወሰደ። ቁልፉን መለሰ፦

«ኦቦ፣ ስሜን ተቀብያለሁ፤ ይቅር ለእግዜር። ቁልፉን ግን ዐርብ ነው የምቀበለው። ነገ ሙሽራ ነኝ፤ ይንዱልኝ።»

ገበያው ሳቀ። ሐሙስም ሆነ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ኦቦ ጉርሜሳ ኮታቸውን ለብሰው ሙሽራውን ከበሩ አንሥተው በሀጂ ሙህዲን ደጅ በሰዓቱ አደረሱ፤ ወርደውም በሩን ከፈቱለት።

እነሆ ኦቦ ጉርሜሳ፣ ሳነቴን በብልጭታ የወጡ፣ ሐረናን ሞተር ሳይነሣ የወረዱ፣ ከባሌ ባለመኪኖች ሁሉ አስቀድመው የሀይብሪድን ሆድ ያወቁ! ለሌሎች ጌቶች ድል ማድረጋቸው ይጻፍላቸዋል። ለእኚህ ሰው ግን በገበያ መሃል፣ በሙሉ ድምፅ፣ ተሳሳትሁ ማለታቸው ተጽፎላቸዋል። ይህን የሚጽፈው ሰው ሰባ ሁለት ዓመት በዚህ ደጋ ኖሮ ሌላ አላየም።