በአክብሮት የገቡ ጎሎች

የክለባችን የመከላከል መስመር ከሰማንያኛው ደቂቃ በኋላ ስለሚገጥመው ጊዜያዊ ተግዳሮት ብዙ ተወርቷል፤ በየመንደሩም ታምተናል። እኔ የክለቡ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውን ሁሉ በገዛ እጄ የጻፍኩ ሰው ነኝና ጉዳዩን ለመጪው ትውልድ በሥርዓቱ ማስቀመጥ ይጠበቅብኛል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ እኛ እንደ ሌላው ክለብ በተገኘው ሰዓት ጎል አይገባብንም። እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ በጎላችን ዝንብ አታልፍም። አምና የገቡብን አሥራ ዘጠኝ ጎሎች በሙሉ የገቡት ከሰማንያኛው እስከ ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት አክባሪነት በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል? በዚሁ ሰዓት አክባሪነታችን የተነሳ ከሊጉ ግርጌ ሁለተኛ ሆነን ነበር።

ክቡር ሊቀመንበራችን፣ መኪናቸው በር ላይ በሚፈጠረው ግፊያ እንዳትያዝ ሲሉ፣ ሁልጊዜ በሰማንያኛው ደቂቃ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። መውጫው በር ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ እኛ ከምንጠብቀው ጎል አጠገብ ነው። ስለዚህ መስመሩን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በተከላካዮቻችን ጎን ያልፋሉ። የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ አሥራ አራት፣ «ሊቀመንበሩ በሚያልፉበት ጊዜ ማንኛውም የክለቡ አባል ሥራውን አቁሞ፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ እጅ ይነሳል» ይላል። ደንቡ ሲረቀቅ ስለ ኳስ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ስንሰበሰብ ስለ ኳስ ማሰብ ልማዳችን አይደለም። ያም ሆነ ይህ አንቀጹ ከጎሎቹ ጋር ግንኙነት እንዳለው እስካሁን በጥናት አልተረጋገጠም።

ሊቀመንበሩ ትሑት ሰው ናቸው። ተከላካዮቹ ሮጠው መጥተው ሲሰለፉላቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«ኧረ በእግዜር! ተጫወቱ፣ ተጫወቱ!»

እንዲህ ተብሎ የሚጫወት ባለጌ ክለባችን ውስጥ የለም።

«እናትህ ተሻላቸው?» ይሉታል የመሃል ተከላካዩን።

«ደህና ናቸው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጉልበታቸውስ?»

«ጉልበታቸው እንኳን ትንሽ...»

ጎል!

«አይዞህ» ብለውት ይወጣሉ። ለእናትየው ጉልበት ይሁን ለጎሉ፣ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ነገሩ ሲበዛ በሊቀመንበሩ የሚመራ አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ስድሳ ሁለት ገጽ ጻፈ። ተከላካዮቹ ሰዓት ሲያዩ ይደነግጣሉ ተብሎ የሜዳው ትልቅ ሰዓት ወረደ። ሊቀመንበሩ ግን የእጅ ሰዓት አላቸው። ቀጥሎ በአራቱ ላይ አምስተኛ ተከላካይ ተጨመረ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ በአራት ፋንታ አምስት ሰው እጅ ነሳ። የቡድኑ ነርስ የሁሉንም ሳንባ አዳምጣ «ሳንባቸው ጤነኛ ነው» ብላ ስትጽፍ፣ ጥናቱን ለማደናቀፍ ሞክራለች ተብላ ተገሠጸች።

በመጨረሻ ጥፋቱ በረኛው ላይ አረፈ። መዝጊያ ነበር የምንለው። ትሪቡኑ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ከሚስቱና ከመንታ ሕፃናቱ ጋር ይኖራል፤ የሕፃናቱ ጨርቅ የሚሰጣው በማዕዘን ባንዲራዎቹ መሃል በተወጠረ ገመድ ነው። «ከሰማንያኛው ደቂቃ በኋላ አንድ ጎል ቢገባ ከሥራ ተሰናብተህ ክፍሏን ታስረክባለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ራሴ ጽፌ ራሴ ሰጠሁት። አንብቦ ቀጥ ብሎ ወደ ስብሰባው ገባ።

«ጋሼ፣ በትልቁ ይቅርታ» አለ፤ «ጨዋታው እስኪያልቅ ከወንበርዎ ባይነሱስ?»

አሠልጣኙ ሳል ያዘው።

«ማለት?» አሉ ሊቀመንበሩ።

እኔ ለዚህ ለዚህ ነው ደመወዝ የምበላው። ቶሎ ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «በረኛው ክቡር ሊቀመንበሩ በወንበራቸው ላይ ረጅም ዘመን እንዲቆዩ ያላቸውን ምኞት ገለጹ።»

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሊቀመንበሩም ብድግ ብለው እጅ ነሱ። መዝጊያ አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን ከሊጉ አንወርድም፤ ጎል ካልገባም መዝጊያ ክፍሏን አይለቅም። ሚስቱ ሁለቱን ሕፃናት አቅፋ ከጎሉ ኋላ ቆማለች። አንድ ለዜሮ እየመራን ሰማንያኛው ደቂቃ ሞላ፤ ሊቀመንበሩም ተነሱ።

አምስቱ ተከላካዮች እንደ ደንቡ ተሰለፉ። የባላጋራው አጥቂ ኳሷን ይዞ ብቻውን መጣ። ማንም የሚነካው ስላጣ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ዳኛውን አየ። ዳኛው ቀጥል አለው። ሊቀመንበሩ በዚያች ቅጽበት ጎሉ አጠገብ ደርሰዋል።

«እንዴት ነህ አንተ?» አሉት መዝጊያን። «መንታዎቹ አደጉ?»

እስከዚያ ቀን እሱም ጎንበስ ይል ነበር። ያን ቀን ግን ጀርባውን ሰጥቷቸው ዓይኑን ኳሷ ላይ ተከለ። አጥቂው ሲመታ መዝጊያ በአየር ላይ ተዘረጋ፤ ኳሷን በቡጢ ሲያወጣት ቀጥታ ሄዳ የክቡር ሊቀመንበሩን ባርኔጣ ከአናታቸው ላይ አንስታ አጥሩን አሻገረቻት። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን ፍለጋ እየተጣደፉ ሲወጡ ተከላካዮቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፊሽካው እስኪነፋ አንድም ጎል አልገባም። ተረፍን! ሕዝቡ መዝጊያን ትከሻ ላይ አወጣው። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። ክሱ ሦስት ነው፦ ሰላምታ መንፈግ፣ ለሊቀመንበር ጀርባ መስጠት፣ ባርኔጣ።

«ሰላም ስልህ ለምን ዘጋኸኝ?»

«ኳስ እየመጣብኝ ነበር ጋሼ።»

«ኳስ ሁልጊዜ ይመጣል! እኔ በስንት ጊዜ አንዴ ነው ሰላም የምልህ?»

«እሱስ እውነት ነው» አለ አሠልጣኙ።

ከሊጉ ላለመውረዳችን ምስጋናው በሙሉ ድምፅ ለሊቀመንበሩ በሳል አመራር ተሰጠ። የመዝጊያን ስንብትም በሙሉ ድምፅ አጸደቅን። ደብዳቤውን ልሰጠው ስወርድ ሚስቱ ጨርቆቹን ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር።

«ጎል እኮ አልገባም» አለኝ።

«እሱማ አልገባም።»

«ታዲያ አንተ ታውቀው የለ?»

«እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አልኩት። ወንድሜ፣ ያን ቀን በራሴ አፈርኩ።

አዲሱ በረኛ የተመረጠው በጨዋነቱ ነው። ዘንድሮ በመጀመሪያው ጨዋታ ሊቀመንበሩ ሲነሱ ከሁሉም ቀድሞ ከጎሉ ወጥቶ እጅ ነሳ፤ ሦስት ገባ። አዲስ አጥኚ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሪፖርቱን የመጻፍ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ።

ዛሬ ጠዋት የእነዚያ መንታዎች ነገር ከሆዴ አልወጣ ሲለኝ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። እውነቱን ልጽፍ ቆርጬ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። «የችግሩ መንስኤ» ብዬ ርዕሱን ጻፍኩ፤ ሁለት ነጥብ አደረግሁ። ይኼኔ በሩ ተከፈተና ክቡር ሊቀመንበሩ ብቅ አሉ። ብዕሬን ጥዬ ብድግ አልኩ።

«ኧረ በእግዜር!» አሉኝ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ጻፍ፣ ጻፍ!»

እንዲህ ተብሎ የሚጽፍ ባለጌ ደግሞ እኔ አይደለሁም።