የወይዘሮ የሺ ቶፉ

ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደሚዋደዱ ማወቅ ብትፈልጉ ወዳጅነታቸውን ሥጋ ላይ አድርሱት። እኛ ጅማዎች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጨው እንበዳደራለን፣ ልጅ እንተሳሰባለን፣ አንዱ ሲሞትበት ሌላው ድንኳን ይተክላል። ዝናባችንን እንኳ እኩል ነው የምንካፈለው፤ አንዱ ሰፈር ብቻውን ቢቀበለው ኖሮ ገና ድሮ ተንሳፍፎ ጊቤ በገባ። ሥጋ ሲመጣ ግን ሳህኑ ለሁለት ይከፈላል። የኔ ባራኪ ሌላ፣ ያንተ ባራኪ ሌላ። ማንም በዚህ አይቀየምም። አጥር ነው፤ ግን በላዩ እሳት የምንጫጫርበት አጥር።

ወይዘሮ የሺ ይህን አጥር በአኩሪ አተር ልታልፈው ሞከረች።

የሺ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ቤት በስተጀርባ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇ ካሜራ ያለው ስልክ ከገዛላት ወዲህ ልቧ ወደ እስያ ሸፈተ። ባጃጅ ተሳፍራ ከኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ወዲያ ያልሄደች ሴት፣ የታይላንድን ሾርባ ከቬትናሙ ገና ስልኩ ላይ ስታየው ትለያለች። ከቡና እንጨት ሁለት ቀጫጭን ዘንግ ጠርባ «በዚህ ካልበላችሁ» ብላ አስጨንቃናለች። እኔ አንዲት የፓስታ ዘለላ ከሳህኑ ወደ አፌ እስካደርስ ጢሜ አድጎ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሏን የጋለ ዘይት ላይ ስትለቀው ደግሞ ሽታው የቡ ከተማ ድረስ ሄዶ ቡና ለቃሚዎችን ያስነጥሳል ይባላል። የምለውም እኔ ነኝ።

የሠራችውን ሁሉ ፎቶ እያነሣች፣ አሠራሩን በጥሩ አማርኛ እየጻፈች ኢንተርኔት ላይ በከፈተችው ገጽ ትለጥፋለች። በአካል የማታውቀው ሰው ከመቀሌ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ሰፈሩ ግን አይቀምስላትም። «ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?» የምትቀምስላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴዋ ዘሀራ።

አንድ ቀን የሺ ቶፉ የሚባለውን ነገር ሠራች። አኩሪ አተሩን ዘፍዝፋ ፈጨችው፤ ወተቱን ጨምቃ አፍልታ በሎሚ አረጋችው፤ የረጋውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ ድንጋይ ጫነችበት። ሲጠነክር ቆራርጣ በዝንጅብል ጠበሰችው። ዐይኑን ለሚያምን ሰው ቁርጥ የበሬ ሽንጥ! ዘሀራ አንዱን ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች።

«ያ የሺ፣ ይኼ እውነት ሥጋ አይደለም?»

«አተር ነው አልኩሽ እኮ!»

«ዋላሂ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ተጎራብተን አንድ ጥብስ አብረን ሳንበላ ልንሞት ነበር!»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቶፉ በተጠበሰ ቁጥር ሳህኑ አንድ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ዘሀራን ሆዷን አመማት። ሐኪም ቤት ብትመላለስም የዋጠችውን ሁሉ ትመልሳለች። የማትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለስላሳው ቶፉ በዝንጅብል መረቅ። የሺ በየቀኑ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መንገዱን ትሻገራለች። ዘሀራ የምትውለው በዚያች ሳህን ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ዘሀራ ሻል ባላት ቀን ከየሺ ጋር ጥብሱን ቀመሰች፤ የሺም ደስ ብሏት ፎቶ አነሣች። ቶፉው በመሃል፣ በአንድ በኩል የየሺ እጅ፣ በሌላው በኩል ሂና የሞቀው የዘሀራ እጅ። «ከእህቴ ጋር» ብላ ለጠፈችው። አሠራሩን ከሥሩ ዘርዝራዋለች፤ ግን ፎቶ እያለ ጽሑፍ ማን ያነባል? ፎቶ ደግሞ አይሸት፣ አይቀመስ። በማግሥቱ መርካቶ ውስጥ ያልሰማ ቢኖር አህዮች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጆሯቸውን አቁመዋል። የሺ በሁዳዴ ሥጋ በላች፤ ያውም የእስላም ሥጋ! ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ። የማኅበሯ ሴቶች ጽዋውን ሲያዞሩ እሷን ዘለሏት።

የንስሐ አባቷ ደግ ሰው ናቸው። ቶፉውን ብታመጣላቸው በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት።

«አተር መሆኑን እኔ አምኛለሁ፣ ልጄ። ሰው ግን በእኔ ዐይን አያይም። እስከ ፋሲካ ብትተዪው ምን ይጎድልብሻል?»

ምን እንደሚጎድልባት አልነገረቻቸውም። መስቀል ተሳልማ ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዘሀራ የምትወስድላት አጥሚት ሆነ። አጥሚት ሥጋ ነው የሚል የለም። የዘሀራ ሆድ ግን አልተቀበለውም። ልጠይቃት ብሄድ ገና ሳልቀመጥ የልቤ ገባት።

«ጋሼ፣ የሺን እንዳይቆጧት። ሰው ክፉ ነው፣ ይበላታል። ፋሲካም ሩቅ አይደለም። ረመዳንን የሚጾም ሰው ይቺን መጾም ያቅተዋል?»

ይህን ስትለኝ አንገቷ ቀጥኖ የቡና ችግኝ አክሏል። ይኼ ማጋነን አይደለም።

ዘሀራ የሞተችው ስቅለት ዕለት ነው። ዓርብ ነውና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወዲያው ተቀበረች። የሺ ስልኳን አጥፍታ ከጧት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ውላለች። እኔ ጉልበቴ አያሰግደኝምና ከቀብሩ ደርሼ ተመለስኩ፤ አመሻሽ ላይ ደጃፏ ቆሜ የነገርኳትም እኔ ነኝ። ወደ ጓዳዋ ገባች፤ ተከተልኳት። አንድ ትልቅ ሳፋ ሙሉ አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ አብጧል፤ ለፋሲካ ሌሊት ያዘጋጀችው ነው። አንዷን ፍሬ በጣቶቿ ጨምቃ ልጣጯን ገፈፈችና «ደርሶ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ይኸውላችሁ፣ አሁን ሁዳዴ ሲገባ ቶፉ የማይጠበስበት ቤት ጅማ ውስጥ ካለ አሳዩኝ። እሺ፣ አጋነንኩ፤ በእኛ መንደር ግን የለም። ቀድመው የመጡት ጽዋውን የዘለሏት ሴቶች ናቸው። «የሺዬ፣ ጥርስ ላይ እኮ ቁርጥ ሥጋ ነው! ሎሚው ስንት ይሁን?» ሳትሰስት ታሳያቸዋለች። ያንንም ፎቶ አልሰረዘችውም። «እጅሽ ይባረክ» ይጎርፍበታል፤ የትኛውን እጅ እንደሚሉ እንጃ።

ታፈላለች፣ ታረጋለች፣ ትጠብሳለች፤ አትቀምስም።

«በፋሲካስ?» አልኳት።

«በፋሲካም።»

መንደሩ በሁዳዴ ሥጋ ይጾማል፤ የሺ ዓመቱን ሙሉ ቶፉ ትጾማለች። የትኛው ጾም እንደሚበልጥ የንስሐ አባቷን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ለምን ላስጨንቃቸው።