የመዶሻ እብደት

[ፀጉር ቤት። አናጢው እስከ አንገቱ ጨርቅ ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የጭንቅላቱ ግራ ጎን ተቆርጧል፤ ቀኙ ገና ጫካ ነው። ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን ይዞ ከጀርባው ይንጎራደዳል።]

ፀጉር ቆራጩ፦ አቃጠለው እኮ! ድልድዬን! በጠራራ ፀሐይ አቃጠለው!

አናጢው፦ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት? መዶሻ ነው።

ፀጉር ቆራጩ፦ መዶሻ አንተ አይደለህም እንዴ?

አናጢው፦ መዶሻ ወረቀት ላይ ያለ ሰውዬ ነው። አንተው አይደለህ "ለእሁድ ጨዋታችን ሁላችሁም አንዳንድ ሰው ፍጠሩ፣ በሱ አፍ ተናገሩ፣ ታሪኩን እኔ እመራለሁ" ያልከው? እኔም ግዙፍ ሰው ፈጠርኩ። እጁ ከባድ ነው፤ ልቡ ግን...

ፀጉር ቆራጩ፦ ልቡማ እሳት ነው!

አናጢው፦ "ሲቆጣ ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ጣል፣ ከአስር በታች ከወጣ ራሱን ይስታል" አልክ። ጣልኩ። አራት። ዳይስ ነው፣ ምን ላድርገው?

ፀጉር ቆራጩ፦ ራሱን ይስታል አልኩ እንጂ ድልድይ ያቃጥላል የሚል ቃል ወጣኝ? ሙሽሪት ልትሻገርበት ነበር! ታሪኩን በሙሉ ለዚያ ድልድይ ብዬ ነው የጻፍኩት!

አናጢው፦ በዋና ትሻገራ።

ፀጉር ቆራጩ፦ በቬሎ?!

አናጢው፦ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ።

ፀጉር ቆራጩ፦ አንተ ሰው ልታሳብደኝ ነው! የፊታችን እሁድ ይታሰራል፣ አለቀ!

አናጢው፦ እኔን? እሁድ ከሰዓት በር የምገጥምለት ሰው አለ።

ፀጉር ቆራጩ፦ መዶሻን ነው የምልህ!

አናጢው፦ ውይ፣ እሱንማ እሰረው። ግን ብርድ ልብስ ይግባለት። ጉልበቱን ያመዋል።

ፀጉር ቆራጩ፦ የወረቀት ሰው ጉልበቱን?

አናጢው፦ ወረቀት እኮ ሲታጠፍ ነው የሚጎዳው። በል አሁን ቀኙን ጀምርልኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ምሳ የት ነው?

አናጢው፦ የምወዳት ልጅ ቤት። ቤተሰቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩኝ ነው። በዚህ ግማሽ ጭንቅላት ከሄድኩ አለቀልኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ጎሽ! አንተም ሰው ሆንክ! ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?

አናጢው፦ ወንድሟ። ለትዳር የመጣላትን ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ያባርራል አሉ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እንዲህ ያለ ጅል ደግሞ አለ? እኔም እህት አለችኝ። የመጡላትን ሁሉ የመለስኳቸው ግን በበቂ ምክንያት ነው።

አናጢው፦ እንዴት ልያዘው ታዲያ?

ፀጉር ቆራጩ፦ ስማ፣ ላስተምርህ። ራሱን የሳተ ሰው፣ የወረቀት ይሁን የሥጋ፣ አያያዙ አንድ ነው። አትከራከረው። ይጩህ፣ ይወራጭ፣ የሆነ ነገር ያበላሽ። ካበላሸ በኋላ ያፍራል። ያፈረ ሰው ደግሞ በግ ነው፤ የፈለግከውን ትጠይቀዋለህ።

አናጢው፦ አዋቂ ነህ እኮ።

ፀጉር ቆራጩ፦ መሪ የሆንኩት በዋዛ መሰለህ? እስቲ እኔን ተቆጥቼ አይተኸኝ ታውቃለህ?

[አናጢው ዝም ይላል።]

ፀጉር ቆራጩ፦ መልስ እንጂ!

አናጢው፦ አትከራከረው አልከኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ እሱ ለእብድ ነው!

አናጢው፦ እሺ።

[ፀጉር ቆራጩ እያጉረመረመ ቀኙን ጎን ይጀምራል።]

አናጢው፦ ለነገሩ ጠረጴዛው ላይ ያቆምከው ድልድይ ካርቶን ነበር።

[ማሽኑን የያዘው እጁ ይቆማል።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ምን አልክ?

አናጢው፦ የጫማ ካርቶን። ጫፉ ላይ አርባ ሁለት ቁጥር ይላል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ካርቶን?! እያንዳንዷን ሳንቃ በምላጭ የቆረጥኩትን! ገመዱን ከእናቴ ሹራብ የመዘዝኩትን! ካርቶን?!

አናጢው፦ እኔ አናጢ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርህ። ባይቃጠልም ይወድቅ ነበር። ምሰሶው ዘሟል።

ፀጉር ቆራጩ፦ ዘሟል?! ያንተ መዶሻ እንዴት እንዳበደ ላሳይህ? ላሳይህ ወይ? እንዲህ ብሎ ተነሣ! እንዲህ ብሎ ችቦውን ጨበጠ! እንዲህ ብሎ...

[ማሽኑን እንደ ችቦ ያወናጭፈዋል። እዝዝዝ! ከአናጢው ግንባር እስከ ማጅራቱ መሃል ለመሃል መንገድ ይከፈታል።]

አናጢው፦ ነፈሰኝ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ወይኔ!

አናጢው፦ እስቲ ከመስታወቱ ፊት ዞር በል።

ፀጉር ቆራጩ፦ [መስታወቱን በጀርባው እየጋረደ] ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? ሰው ዋናው ውስጡ ነው።

አናጢው፦ [በእጁ እየዳበሰ] አውሮፕላን ያርፍበታል።

ፀጉር ቆራጩ፦ እጄን በቆረጠው! የፈለግከውን ጠይቀኝ! ድልድዩም ይቃጠል፣ ሙሽሪትም ትዋኝ!

አናጢው፦ አፍረሃል?

ፀጉር ቆራጩ፦ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

አናጢው፦ እንግዲያው ልንገርህ። ምሳው እናንተ ቤት ነው።

ፀጉር ቆራጩ፦ የማን ቤት?

አናጢው፦ የአባትህ ቤት። ልጅቷ እህትህ ናት።

[ማሽኑ ከፀጉር ቆራጩ እጅ ያመልጥና ወለሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሽከረከራል።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ለካ ለዚህ ነው እማዬ "ዛሬ ለምሳ ሸሚዝህን ቀይረህ ና" ያለችኝ! ቆይ፣ ቆይ... ጅል ነው ያልነው ወንድም...

አናጢው፦ እኔ አላልኩም። አንተ ነህ ያልከው።

ፀጉር ቆራጩ፦ አይሆንም! ራሱን መግዛት ለማይችል ሰው እህቴን አልሰጥም! መዶሻን አይተነዋል!

አናጢው፦ መዶሻ አላበደም።

ፀጉር ቆራጩ፦ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን?

አናጢው፦ የወጣው አስራ ስድስት ነበር። በመዳፌ ከደንኩትና አራት አልኩህ።

ፀጉር ቆራጩ፦ ለምን?!

አናጢው፦ እህትህ ናታ! "ወንድሜ ቁጣው አንድ ዙር ብቻ ነች፤ እሷን በሌላ ነገር ካልጨረሳት የኛን ጉዳይ አይሰማህም። በሚወደው ነገር ምጣበት" አለችኝ። ድልድዩን የመረጠችው እሷ ናት። ፀጉሬን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ፀጉር ቆራጩ፦ [ግድግዳውን ተደግፎ] አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው የምመራው እኔ... ባንተ... በዚህ ሞኝ!

አናጢው፦ ሞኝማ ነኝ። ይኸው ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ተጽፎልኛል።

ፀጉር ቆራጩ፦ እምቢ ብልስ?

አናጢው፦ [ጨርቁን አውልቆ እየተነሣ] መብትህ ነው። ብቻ ምሳው ላይ አባትህ "ልጄ፣ ይህን ጭንቅላት ማን ሠራው?" ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ መዋሸት አልችልም...

ፀጉር ቆራጩ፦ ተቀመጥ!

[እየሮጠ ማሽኑን ከወለሉ ያነሣል፤ ጨርቁን መልሶ አንገቱ ላይ ያስራል።]

ፀጉር ቆራጩ፦ ሙሉውን አነሣዋለሁ። መላጣ ያምርብሃል።

አናጢው፦ የእህትህስ ነገር?

ፀጉር ቆራጩ፦ ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ፣ አማቼ!