እኔ ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩ ዕለት

እንቅልፍ ሰርቆኝ ባየሁት ሕልም፣ ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ ምንታምር ደግሞ ልትሸኘኝ መናኸሪያ ድረስ መጥታለች።

ሕልም መቼም የፈሩትን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው። ምንታምር በመጀመሪያው ሴሚስተር ተባርራ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች በሰፈሩ መሀል ስትመለስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጥቶ "ምነው፣ ዕረፍት ነው እንዴ?" ሲላት። ምደባዋ ከመጣ ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ ይኸው ነው። በዚህኛው ሕልም ግን ሻንጣው የእኔ ሆነ።

"ልጄ፣" አለችኝ ምንታምር ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ፣ "እንግዲህ አደራ። ከማይረባ ሰው ጋር እንዳትገጥሚ። ሳትበዪ እንዳትተኚ። አንገቴን እንዳታስደፊኝ።"

"እሺ እማዬ፣" አልኳት። የገዛ ልጄን እማዬ ማለቴ ምንም አልገረመኝም።

አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሩን በሙሉ በጎች ይዘውታል። ረዳቱ ትልቅ ሙክት ነው። "ሰው ወደ ላይ! ሰው ወደ ላይ!" እያለ ከሻንጣዎቹ ጋር ጣሪያው ላይ ጫነን።

"ወገቤን ያመኛል፣ እባክህ መሬትም ቢሆን ውስጥ ልቀመጥ፣" ብዬ ለመንኩት።

"እኛ ለፋሲካ እግራችን ታስሮ ስንጫን ወገባችሁን ያማችኋል ወይ ያለን አለ?" አለኝና ገመዱን ጠበቅ አደረገው።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስንደርስ ነባር ተማሪዎች እየሮጡ መጡ። አዲስ ገቢ ተቀብሎ ሻንጣ መሸከም የነባሮች ወግ መሆኑን ሰምቼ ነበር። እነዚህ ግን እኔን ተሸከሙኝና ሻንጣዬ በእግሩ እያዘገመ ተከተለን። ፈታሹ አስቆመኝ።

"ምን ይዘው ነው የሚገቡት?"

"በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ ብርድ ልብስ..."

"እሱን አላልኩም። ጭንቀት ይዘዋል?"

"ኧረ በፍጹም!"

ኪሴ ውስጥ እጁን ከተተና የምንታምርን ትኩሳት አወጣ። ቀጥሎ ከመቀነቴ መሀል፣ ገና ያልመጣባትን የሒሳብ ፈተና ስትወድቅ አወጣ። ከዚያ ከዶርም ደረጃ ስትንሸራተት፣ ከዚያ ዝናብ ሲመታት፣ ከዚያ ማንነቱ የማይታወቅ ጠጉረ ጨብራራ ልጅ ደብተር ሲያውሳት። ጠረጴዛው ሞልቶ ፈሰሰ።

"እናቴ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚማር የለም። ሲወጡ ይወስዱታል።"

አንዷን ግን፣ መባረርን፣ ደረቴ ሥር ሸሽጌ አሳለፍኳት።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ነገር ተገላብጧል። የሬጅስትራሩ ሹም ትሪ ይዞ ካፌው በር ላይ ተሰልፏል። ምሳ የምታወጣው ተማሪ "ዛሬ ሲስተም የለም፣ ነገ ና" ትለዋለች። ክፍል ውስጥ መምህራኑ በጠባብ ወንበር ተፋፍገው ይጽፋሉ፣ የምታስተምራቸው ተማሪ ናት። አንድ ሸበቶ ፕሮፌሰር ጣቱን አውጥቶ "ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?" ቢላት "ሲደወል!" አለችው።

ላይብረሪ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጡት መጻሕፍቱ ናቸው፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው ሰዎች። አንድ ወፍራም የኬሚስትሪ መጽሐፍ እኔን ስቦ አወረደኝ። ገለጠኝ። ጥቂት አነበበና ጎረቤቱን ጠራው።

"እስቲ ይህቺን ተመልከት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደህና ሄዳ፣ ከዚያ ወዲህ ገጹ ሁሉ 'በልታ ይሆን?' ብቻ ነው።"

"መደምደሚያዋን እየው።"

"እሱም 'በልታ ይሆን?' ነው።"

አቧራዬን እፍ ብሎ ወደ ቦታዬ መለሰኝ።

በዚህ ዓይነት እንደማልዘልቅ ገብቶኝ እያለቀስኩ ወደ ጥናት አማካሪው ቢሮ ሮጥኩ። አማካሪው መነጽር ያደረገ አህያ ነው። ወንበር ሳበልኝ።

"እንዴት ነው የምታጠኚው?"

"እሸመድዳለሁ። ያለውን ሁሉ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።"

"ጫንሽው በይኛ።" ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "እኔን እዪኝ። አባቴም አያቴም ሲጫኑ ኖሩ። ተሸክሞ መሄድ ዕውቀት ቢሆን በጤፍ ብቻ ፕሮፌሰር በሆንኩ ነበር።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?" አህያውን ጋሼ አልኩት። ሲጨንቅ ምን ይደረጋል!

"ጥቂት ጫኚ። አውርጂው። ደብተሩን ዝጊና ምን እንደነበር ለራስሽ ተናገሪ። የጎደለውን ብቻ ተመልሰሽ ጫኚ። ደሞ ያልገባሽ ነገር ሲኖር አልገባኝም በይ።"

"ሰው ፊት?"

"ሰው ከሌለማ ማን ያስረዳሻል?"

ይህን እንዳለኝ ግድግዳው ወደ ኋላ ሸሸና ራሴን ፈተና ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ፈታኙ ጥቁር ሰሌዳው ራሱ ነው። አዲስ ገቢዎቹ በሙሉ የሰፈራችን እናቶች ናቸው። ሰሌዳው ጉሮሮውን ጠረገና ሆዱ ላይ አንድ የማይነበብ ነገር ሞነጫጨረ።

"ገባችሁ?"

እናቶቹ በአንድ ድምፅ፣ በጨዋ ደንብ፣ "ገብቶናል!" አሉ።

"ገብቶኛል ያለ ወደ ጣሪያ!"

በጎቹ ገመድ ይዘው ገቡ። ጎረቤቴን እትዬ ድንቅነሽን ሲያስሯቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አንድም ነገር አልገባኝም እኮ፣ ግን ምን ይሉኛል ብዬ ነው፣" አሉኝ። እየተመረቁ እንደሚሄዱ ሁሉ ፈገግ ብለው ተጫኑ። ክፍሉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ እኔ ብቻ ቀረሁ። ደረቴ ሥር የሸሸግኳት መባረር ተንቀሳቀሰች።

"አንቺስ፣ ገባሽ?" አለ ሰሌዳው።

አህያው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "ንገሪው!" ይለኛል። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ምንታምር ናት።

"ልጄ፣ ዝም በይ! ገብቶኛል ብለሽ ቁጭ በይ! ሰው ፊት አታዋርጂኝ!"

የሰማሁት ድምፅ ከእሷ አፍ ይውጣ እንጂ የእኔው ነበር። ሙክቱ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። ገብቶኛል ልል አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አልገባኝም! አልገባኝም!"

በራሴ ጩኸት ባነንኩ።

የምንታምር ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎችና ለወላጆች በተጠራው ገለጻ ላይ፣ አጠገቧ እንደተቀመጥኩ ነው የመንገዱ ድካም የጣለኝ። መድረኩ ላይ ያሉት ዶክተር ስለ ጥናት ዘዴ ከወረቀት ሲያነቡ፣ ሲያነቡ ቆይተው "ገባችሁ?" ብለው መጠየቃቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው "ገብቶናል" ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት።

ሺህ ዓይን ዞረብኝ። ምንታምር ወንበሯ ላይ እየተንሸራተተች ሄዳ ሽሩባዋ ብቻ ቀረ።

"እናቴ፣ የቱ ጋ ነው ያልገባዎት?" አሉኝ ዶክተሩ።

የሰማሁት ሰላምታውን ብቻ ነው።

"ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው፣" አልኩ።

የሆነ ቦታ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ከኋላችን አንድ ጎርናና የወንድ ልጅ ድምፅ "እኔም!" አለ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሌላዋም ተከተለች። ለምሳ ሊወጡ ቦርሳቸውን ያንጠለጠሉ ወላጆች በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አዩት፣ ተማሪውን አዩት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"እንግዲያው ያለ ወረቀት፣ ከመጀመሪያው እንጀምር፣" አሉ።

አንድ አባት "እግዚኦ!" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ምንታምር ቀስ ብላ ቀና አለች። ከጠዋት ጀምሮ በእጇ የያዘችውን እስክሪብቶ ገና ያን ጊዜ ከፈተችው። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር በክርኗ ጎሸመችኝ።

"እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ ተመልሰሽ ተኚ።"