እትዬ አገሬ እንግዳ ሊሆኑ ነው

ሀበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንድ እንግዳ ኩሽና ውስጥ አለ። ያልተጠራ ሰው አይደለም። ተጠርቷል፣ በር ላይ ተስሟል፣ ወንበርም ተስቦለታል። መቀመጥ ግን አይችልም። ባለቤቲቱ ዞር ብላ ስትመለስ ሽንኩርቷ ተከትፏል፣ ብርጭቆዎቿ ታጥበዋል፣ ቅመሞቿም እሷ በማታውቀው ሥርዓት ተደርድረዋል።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ፣ የሲያትልና የአካባቢዋ የኩሽና ጠቅላይ አዛዥ፣ ክብርት እትዬ አገሬ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል ሲያጸዱና ሲያስጸዱ ኖረው ባለፈው ጥር ጡረታ ወጡ። ሦስት አባባል አላቸው። "በልቼ ነው የመጣሁት።" "ተዪው፣ እኔ አለሁ።" "ቁጭ ብዬስ ምን ልሠራ?" በእነዚህ በሦስቱ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያልያዙት ኩሽና የለም።

ክርስትና ይጠራሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው ይመጣሉ። በሰባተኛው ደቂቃ ሽርጥ ታጥቀዋል። አንድ ጊዜ ምሳ ጋበዝኳቸው፤ አስተናጋጁ ሳይደርስ ሳህኖቹን ደራርበው ጠረጴዛውን ወለወሉ። የጎረቤት ጠረጴዛ ጭምር። ቤልቪው የምትኖረው ልጃቸው ኤዶም በራሱ እየዞረ ወለል የሚጠርግ ማሽን ገዝታለች፤ ከኋላው በመጥረጊያ እየተከተሉ የረሳውን ሲያነሱ በዓይኔ አይቻለሁ። አምና ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ፣ ነርሷ በማግስቱ ጠዋት ስትገባ አልጋቸው ተነጥፏል፣ የአንሶላው ጠርዝ እንደ ፖስታ ታጥፏል። እሳቸው ጎን ካለው አልጋ አጠገብ በአንድ እግራቸው ቆመው ለማያውቋት ሴት ትራስ ያስተካክላሉ።

"ሐኪሙ ይተኙ አላለም?" አልኳቸው።

"እሱ ወንድ ነው፣ ምን ያውቃል።"

ስኮትላንድ ሄደው ለአንድ ሳምንት እንግዳ ሊሆኑ የተነሱት እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በረዶ በጣለበት ሳምንት ነው። በረራ ተሰረዘና ከስኮትላንድ የመጡ ስድስት ሙዚቀኞች እሳቸው በሚሠሩበት ሆቴል ሁለት ቀን ታገቱ። ሲሰለቻቸው ሙቀት ፍለጋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረዱ፤ ቫዮሊንና አኮርዲዮናቸውን አውጥተው በሩ ላይ መጫወት ጀመሩ። እትዬ አገሬ አንሶላ እያጠፉ ሰሙ። ያኔውኑ ደወሉልኝ።

"አበጀ፣ ዜማው እኮ የኛ ነው! ቃሉን ብቻ ነው የቀየሩት። ትከሻዬ አላስቀምጥ አለኝ።"

ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። እዚያም እዚህም በአምስት ድምፅ ብቻ የሚዜም ብዙ ዘፈን እንዳለ ነገረኝ። እሳቸው ማረጋገጫ አልጠበቁም፤ የራሳቸውን ምሳ ለስድስቱ አካፍለው ነበር።

ከሙዚቀኞቹ አንዷ፣ ሞራግ የምትባል ሴት፣ ስካይ በሚባል ደሴት ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላት። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ጎረቤቱ መሣሪያውን ይዞ እሷ ሳሎን ይሰበሰባል። ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፤ እንግዳው ቁጭ ብሎ ይሰማል። "ነይ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው" ብላ አድራሻዋን ጻፈችላቸው። በየዓመቱ ትጠራቸዋለች፤ በየዓመቱ "ለሚመጣው" ይላሉ። ዘንድሮ ጡረታ ወጡና ሰበብ አለቀ። ኤዶም የበረራውን ቀን መረጠች። ሞራግ ክፍሉን እስከ ዓርብ ትይዝላቸዋለች፤ ከዓርብ ወዲያ ለሌላ ትሰጣለች።

ሻንጣው ግን ከወራት በፊት ተሞልቶ ነበር። ኤዶም ስትፈትሸው አራት ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ሽርጥና ሁለት ጥንድ የሳህን ማጠቢያ ጓንት አገኘች።

"ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ? ቬኬሽን እኮ ነው!"

"ባዶ እጄን ሰው ቤት ልግባ?"

"ጓንቱስ?"

"እሱ ለእጄ ነው።"

ቀጥለው ለሞራግ መልእክት አስጻፉ። በስንት ሰዓት ተነስታ ቁርስ እንደምታዘጋጅ ትንገረኝ፣ ቀድሜ ወርጄ ውሃ እንድጥድላት፣ የሚል። መልሱ በማግስቱ መጣ። ደግ መልስ ነበር። "የቤቴ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳ ኩሽና አይገባም።"

እትዬ አገሬ ስልኩን ለኤዶም መለሱላት።

"በቃ፣ ካንስል አድርጊው" አሉ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ኤዶም ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ሺ ኢዝ ሲሪየስ። አንተን ትሰማሃለች።"

እኔንም አይሰሙኝም። ግን ልምምድ እናድርግ ስላቸው እምቢ አላሉም፤ አፓርታማዬ ይጸዳ እንደሆነ ማየት ሳይፈልጉ አልቀሩም። ሐሙስ ከሰዓት መጡ። እኔ ሞራግ ሆንኩ፣ እሳቸው እንግዳ፣ ኤዶም ዳኛ።

"እንኳን ደህና መጡ። ሻይ ላቅርብልዎት?"

"አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።"

ትሪውን አንስቼ ተመለስኩ።

"ምነው ወሰድከው?"

"አይ አሉኝ እኮ።"

"አይ ማለት መቼ አይ ማለት ነው? አንተ በሞቴ ትላለህ፣ እኔ ኧረ ተው እላለሁ፣ ትለምነኛለህ፣ ከዚያ እቀምስልሃለሁ።"

"ሞራግ አትለምንም። ፈረንጅ አይ ሲሉት የምር አይ ያሉት ይመስለዋል።"

"ጉድ!" አሉ። "ለካ ያን ጊዜ ሆቴሉ ውስጥ ሞራግ ብስኩት ስትሰጠኝ አይ ብያት መልሳ ሳጥኑ ውስጥ የከተተችው ለዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቅር ብሎኛል።"

በሁለተኛው ሙከራ "እሺ" አሉ፤ ስኒውን ተቀበሉና ማንኪያ ሊያመጡ ተነሱ። በሦስተኛው የኔን ሳህን ማጠቢያ አዩት፤ ተነሱ። በአራተኛው ኤዶም ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

"ማሚ፣ ጀስት ሲት! ለምንድነው መቀመጥ የማትችዪው?"

እትዬ አገሬ ጉልበታቸውን አሹ።

"ሰው አስቀምጦ ያበላኝ አባትሽ ሲሞት ነው" አሉ። "ሦስት ቀን አላስነሱኝም። እያጎረሱኝ አለቅሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳህን ይዞ ወደኔ ሲመጣ፣ ማን ሞተ እላለሁ።"

ወደ ምድጃው ሄድኩ። ለልምምዱ ብዬ የስኮትላንድ ቁርስ ሠርቼ ነበር። በሳህን ጨልፌ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

"ምንድነው?"

"የነሞራግ ቁርስ። የአጃ ገንፎ።"

"ገንፎ?" ቀና አሉ። "በቅቤ?"

"በወተት።"

"ምስኪኖች!"

ኤዶም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገች።

"ማሚ፣ ገንፎ እኮ ለአራስ ነው፣ አይደል? እኔ ስወለድስ? ያኔ ማን አበላሽ?"

ማንኪያውን አነሱና ገንፎውን አማሰሉ።

"እጅጋየሁ" አሉ። "ጎረቤታችን። እሷ ናት ያረሰችኝ። መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን ትሞላበትና አልጋዬ ድረስ ታመጣልኛለች። አንድ ቀን ልነሳ ስል በማማሰያ አስፈራራችኝ።" ሳቅ አመለጣቸው። "አንቺ ጎኔ ተጠቅልለሽ፣ እኔ እንደ ንግሥት ትራስ ተደግፌ። ረስቼው ነበር።"

"ሶ፣ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ።"

"ያውም ስንት ቀን! ደግሞ ደስ ይል ነበር።"

ገንፎውን መብላት ጀመሩ። እኔ ቆሜ አየሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በዲቪ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ እትዬ አገሬ ናቸው። ቤታቸው ስምንት ወር ኖሬ አንድ ብርጭቆ አላጠብኩም፤ አላስጠጉኝም። እሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር መሥዋዕትነት የሚል ቃል ይመጣብኝ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት፣ በምድጃውና በወንበራቸው መሃል ስመላለስ፣ ቃሉ ስህተት መሆኑን አወቅሁ። የሠራኸውን ሰው ሲበላልህ ማየት ደስታ ነው። እኚህ ሴት ይህን ደስታ ሃያ ዓመት ሙሉ ለብቻቸው ይዘው ለማንም ሳያቀምሱ ኖረዋል። ስስታም ናቸው። እንዲህ ዓይነት ስስታም ደግሞ ነፍሴ ነው።

"ልጨምርልዎት?" አልኩ።

አፋቸው "ኧረ…" ብሎ ጀመረ። ኤዶም ጣቷን አነሳች።

"ጨምርልኝ" አሉ።

ኤዶም ስልኳን አወጣች። "ሶ፣ ኮንፈርም ላድርገው?"

"አድርጊው።"

ሁለተኛውን ሳህን ቀመስ አድርገው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

"አበጀ፣ ጨው ያንሰዋል።"

ጨው ላመጣ ሄድኩ። እሳቸው ተቀምጠው ጠበቁ።