አጎቴ በሺር እና ያልሞቱት ሟቾች

በየከተማው ሞትን የሚከለክል አንድ ሰው አለ። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ የሱ ሥራ የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ መንገድ ላይ መርዶ ሰምቶ እንዳይወድቅ፣ ቤት ገብቶ ሰው እስኪከበው ድረስ ሟቹን በሕይወት ያቆይለታል። የደሴው ባለሥልጣን አጎቴ ክቡር በሺር ናቸው።

ክቡርነታቸው ሰው አስቀብረው እንጂ ገድለው አያውቁም። የአራጋው እናት ሲያርፉ አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ደውለው «ጉንፋን ቢጤ ነው» አሉት። ጉንፋኑ አምስት ወር ቆየ። ልጁ ጨንቆት ሹራብ ላከ። «ልክክ ብሎላቸዋል» አሉት። የመሕሙድን አባትማ ከተቀበሩ በኋላ ቦሩ ሜዳ ዘመድ ጥየቃ ላኳቸው። ልጁን ተቀብለው ሲያመጡ መንገዱን ሙሉ አባቱን እያወፈሩ፣ እያሳመሩ ሲያወሩለት መሕሙድ ግራ ገብቶት «ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለ።

ባለፈው ሳምንት ተራው የኔ ሆነ። «አክስትህ ከይሪያ ትንሽ አሟታል፤ እስቲ ብቅ በል» ብለው ደወሉልኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የእሳቸውም ታላቅ እህት። በማግስቱ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እንዴት ናት ጋሼ?»

«ደህና ናት። ጠዋት ሾርባ ጠጣች።»

ሚኒባሱ ወደ ደሴ ዳገቱን ጀመረ። ከፍ ባልን ቁጥር አክስቴም እየበረታች ሄደች። ሐረጎ ስንደርስ ተነስታ ጓሮ ወጥታለች። ትንሽ ብንዘገይ ልትቀበለን በእግሯ ልትወርድ ነው።

«ወላሂ ይበሉ» አልኳቸው።

አጎቴ ስለ ቲማቲም እንኳ ወላሂ ሳይሉ አያወሩም። አሁን ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ሳል ያዛቸው። ለሰው ብለው ይዋሻሉ፤ በአላህ ስም አይዋሹም።

ገባኝ። የወር ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ የድሮውን ላወጋ ነበር። አሁን የድሮውን የሚያውቅልኝ እኚሁ አጠገቤ የሚያስሉት ሰውዬ ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ ከትምህርት ቤት ጠፍቼ ቦርከና ስዋኝ የያዘችኝን ያስታውሳሉ?»

ፊታቸው በራ። «ሆ! እንዴት እረሳለሁ! ልብስህን ሰብስባ ይዛብህ ሄደች እኮ! አንተ የጉድ ልጅ፣ በቅጠል ተከልለህ ቧንቧ ውሃ ሰፈርን ስታቋርጥ፣ ወላሂ ከአልጋ ያልወረደ በሽተኛ እንኳ ወጥቶ አይቶሃል!»

ሳቅን። ሹፌሩም ሳቀ።

ሰፈር ስንደርስ በሯ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከሥሩ ሰዎች አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አጎቴ ማየቴን አዩ።

«የጎረቤት... ሠርግ ነው» አሉ።

«እንኳን ደስ ያላቸው» አልኩ።

ቀድሜ ወርጄ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጄን ይዘው ወረዱ፤ አልለቀቁኝም። ለካ እኔን ለመቀበል ብለው እንባቸውን እስከ ኮምቦልቻ ይዘውት ወርደው፣ መልሰው ይዘውት ወጥተዋል። ደገፍኳቸው።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እህትዎ እኮ ናት። አሁን ያልቅሱ።»