ከተመጋቢ የዳነው ቤት

በኦሃዮ፣ በአሮጌው አውራ ጎዳና ዳር፣ ጣሪያው አረንጓዴ የሆነ አንድ ምግብ ቤት አለ። የፔንደርግራስ ኩባንያ በደጉ ዘመን ይህንኑ ቤት በአገሩ ሁሉ ሁለት መቶ ቦታ ተክሎት ነበር፤ መንገደኛ የትም ይድረስ የት ያንኑ ጣሪያ አይቶ ያንኑ ፓንኬክ እንዲበላ። ኩባንያው ሲከስር ግማሾቹ ቤቶች ጎማ መሸጫ፣ ግማሾቹ የቀብር አስፈጻሚ ቢሮ ሆኑ። ይሄኛው ግን ገዢ አጥቶ እንዳለ ቀረ። ታሪካዊነቱም የጀመረው ከዚያ ነው።

ሎርና ፕሩት እዚያው ቤት በአስተናጋጅነት ገብታ፣ ኋላ ባሏ በተወላት ውርስ ገዛችው። የጭነት መኪና ሾፌሮችና የሰፈሩ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት እየመጡ እንቁላልና ድንች ይበላሉ፣ ያልመጣውን ያማሉ። ቤቱ ከማፍሰሱ በቀር እንከን አልነበረውም። ሎርና ጣሪያውን ላስጠግን ብላ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

የከተማው የቅርስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሚስተር ኤቨረት ስትራውድ አባሎቻቸውን አስከትለው መጡ። ጣሪያውን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ቤቱ ቅርስ እንዲሆን፣ ጣሪያውም እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

«ታዲያ ዝናቡስ?» አለች ሎርና።

«ዝናቡና ጣሪያው የቆየ ግንኙነት አላቸው» አሉ ሚስተር ስትራውድ። «እኛ መሐል አንገባም።»

ሎርና ባልዲ ደቀነች። ኮሚቴው ባልዲው ፕላስቲክ በመሆኑ ከዘመኑ መንፈስ ጋር አይሄድም ብሎ በቆርቆሮ አስለወጣት። ቀጥሎ የጥብስ ጭስ ግድግዳውን እያወየበው ነው ተባለና መጥበስ ተከለከለ። የሰው መቀመጫ ወንበሮቹን እንደሚጎዳም በባለሙያ ተጠና፤ መቀመጥ ቀረ። ጡረተኞቹ ጥቂት ቀን ቆመው ደረቅ ዳቦ ከበሉ በኋላ ወለሉም ቅርስ መሆኑ ተነገራቸው።

ምግብ አብሳዩ ኦቲስ ግሪንሊ እዚያ ምድጃ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ሥራ ፈትቶ እጁን አጣጥፎ የኮሚቴውን ሰዎች ሲያይ ሰነበተና፣

«ሎርና፣ እነዚህ ሰዎች ቤቱን ይወዱታል አይደል?» አላት።

«በጣም።»

«እኔን ሚስቴ እንዲህ ወዳኝ ቢሆን፣ ይሄኔ አፈር ለብሼ ነበር።»

በመጨረሻ ቤቱ በክብር ተዘጋ። ሪባን ተቆረጠ፤ ሚስተር ስትራውድም፣ መንገደኛን ሲያስተናግድ የኖረው ይህ ታላቅ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ከመንገደኛ የተጠበቀ መሆኑን አበሰሩ። ተጨበጨበ። ሎርና የገዛ በሯ ሲቆለፍባት ከሰው ጋር ቆማ አየች። እዚያ አላለቀሰችም፤ መኖሪያ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

በማግስቱ ተነስታ አንድ አሮጌ የአይስክሬም መኪና ገዛች። ኦቲስ ምድጃ ገጠመላት፤ ከመንገዱ ማዶ ቆመው መጥበስ ጀመሩ። ሾፌሮቹ ተመለሱ፤ ጡረተኞቹም ወንበር ከየቤታቸው እያመጡ ሐሜታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ኮሚቴው የተዘጋው ቤት በደንብ መዘጋቱን ሊያረጋግጥ መጣ። ቅርስ አያበላምና ረሃብ ጠናባቸው። ሚስተር ስትራውድ መንገዱን ተሻግረው ተሰለፉ፤ ፓንኬካቸውን ቆመው በሉ፤ ጣታቸውንም ላሱ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያዋ ቃኟት፤ የዛገ በሯንም በፍቅር ዳበሱት።

«ይቅርታ ሎርና» አሉ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «መኪናዋ የስንት ዓመት ናት?»

ኦቲስ ምድጃውን አጠፋ። ሎርና መሪው ላይ ተቀመጠችና ሞተሩን አስነሳች።